ለ480 ሚሊ ሜትር ሪፍራክተር የትኛው ፊልድ ፍላተነር ይሻላል?

ሌሊት ጠባቂ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የሌንሱ ስፋት 80፣ የትኩረት ርቀቱ 480 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ማለትም ኤፍ/6፣ ባለ ሁለት ሌንስ የኢዲ (የቀለም ስሕተትን የሚቀንስ መስታወት ያለው) ሪፍራክተር፣ ማለትም በሌንስ የሚሠራ ቴሌስኮፕ አለኝ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የማነሣው በጣም ትንሽ ሴንሰር ባለው ካሜራ ስለነበር በምስሎቼ ጠርዝ ላይ ይህ ነው የምለው ችግር አይቼ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ሴንሰሩ ኤፒኤስ-ሲ የተባለው ተለቅ ያለ መጠን፣ ፒክስሉ 3.76 ማይክሮን የሆነ ማቀዝቀዣ ያለው ካሜራ ከገጠምሁ ወዲህ፣ መካከል ላይ ያሉት ኮከቦች እንደ መርፌ ጫፍ ጥርት ብለው ሲወጡ፣ ወደ አራቱ ማዕዘኖች የተጠጉት ግን ከመካከል ወደ ውጭ የተወረወሩ ይመስል ረዝመው ይታያሉ።

ፊልድ ፍላተነር፣ ማለትም ጎባጣውን የምስል መስክ የሚያቃና ተጨማሪ ሌንስ፣ እንደሚያስፈልገኝ ብዙ ሰው ነግሮኛል፤ የትኛውን እንደምመርጥ ግን ግራ ገብቶኛል። አንዱ ምስሉን ሳያሳንስ መስኩን ብቻ የሚያስተካክል ነው፤ ሌላው የትኩረት ርቀቱን በ0.8 እያባዛ የሚያሳጥር፣ ሪዲውሰርም ፍላተነርም የሆነ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ለአንድ ቴሌስኮፕ ብቻ የተሠራና «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የሚሸጥ አለ። በሁሉም ላይ የሚጠቀሰው የ55 ሚሊ ሜትር ርቀትስ ከየት እስከ የት የሚለካ ነው? የማነሣቸው በአብዛኛው ሰፋፊ ኔቡላዎችና እንደ አንድሮሜዳ ያሉ ትልልቅ ጋላክሲዎች ናቸው። ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

አሮጌ ሌንስ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ስለ ምርጫው ከመነጋገራችን በፊት፣ ያዩት ጉድለት በእርግጥ የመስክ ጉብጠት መሆኑን አንድ ሌሊት ወስደው ቢያረጋግጡ ይሻላል፤ ምክንያቱም ፍላተነር የሚፈውሰው ይህንን ሕመም እንጂ የጥግ ኮከብ ሕመም ሁሉ በእርሱ አይድንም።

ሌንስ ከሩቅ የመጣውን ብርሃን የሚያሳርፈው በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ሳይሆን እንደ ሳህን በጎደጎደ ገጽ ላይ ነው፤ የሳህኑ ጠርዝም ወደ ሌንሱ ቀረብ ይላል። ሴንሰሩ ግን ጠፍጣፋ ስለሆነ መካከሉ ሲጠራ ጠርዙ ከትኩረት ይወጣል። የዚህ ጉብጠት ሒሳብ ዛሬም የሚጠራው በዮሴፍ ፔትስቫል ስም ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1840 የነደፈው የቁም ፎቶ ሌንስ በጊዜው ከነበሩት ይልቅ እጅግ ብዙ ብርሃን ያስገባ ስለነበር ታዋቂ ሆነ፤ ዛሬ ጠፍጣፋ መስክ ይዘው የሚወጡት ባለ አራት ሌንስ ቴሌስኮፖችም «ፔትስቫል» እየተባሉ ይጠራሉ። እነዚያ ፍላተነራቸውን በሆዳቸው ይዘዋልና ሌላ መጨመር አያስፈልጋቸውም፤ የእርስዎ ግን ያስፈልገዋል።

ምን ያህል እንደሚያስፈልገው በቁጥር እናስላው። እንደ እርስዎ ባለ ባለ ሁለት ሌንስ ቴሌስኮፕ፣ አስቲግማቲዝሙ (ኮከብን በአንድ አቅጣጫ የሚያረዝም የሌንስ ጉድለት) ተደምሮበት፣ ጥርት ያለው ምስል የሚያርፍበት ገጽ የጉብጠት ራዲየስ በግምት የትኩረት ርቀቱ አንድ ሦስተኛ ነው፤ ለ480 ሚሊ ሜትር 160 ያህል ይመጣል ማለት ነው። የጥጉ የትኩረት ስሕተት የሚገኘው ከመካከል እስከ ጥግ ያለውን ርቀት በራሱ አባዝቶ ለራዲየሱ እጥፍ በማካፈል ነው። የኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ጥግ ከመካከሉ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ስሕተቱ 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በኤፍ/6 ቴሌስኮፕ በዓይን የማይለይ የትኩረት መንሸራተት የሚፈቀደው ግን በጠቅላላው 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። 0.6 ሚሊ ሜትሩን ለ6 ሲያካፍሉት ጥግ ላይ ያለው ኮከብ 0.1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው እድፍ ይሆናል፤ በእርስዎ ካሜራ ከ25 ፒክስል በላይ ነው። ሰያፉ 16 ሚሊ ሜትር በሆነ ትንሽ ሴንሰር ላይ ስሕተቱ ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ከኤፒኤስ-ሲ በሚበልጠው በፉል ፍሬም ሴንሰር ደግሞ ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ቀደም ባለው ካሜራዎ ችግሩ ያልታየዎትም ስላልነበረ ሳይሆን ሴንሰሩ ከሳህኑ መካከል ብቻ ይቀዳ ስለነበር ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ኮከብ በበዛበት የሰማይ ክፍል መካከሉን አጥርተው አንድ ፎቶ ያንሡ፤ ከዚያ ፎከሰሩን (ትኩረቱን የሚያስተካክለውን ተንሸራታች ክፍል) ጥቂት በጥቂት ወደ ውስጥ እያስገቡ የጥጉ ኮከቦች እስኪጠብቡ ድረስ ይሂዱና ሌላ ያንሡ። በሁለተኛው ፎቶ አራቱም ጥጎች ከተሻሻሉና መካከሉ ከደበዘዘ ጉዳዩ ጉብጠት ነው፤ ፍላተነር ይግዙ። አንዱ ጥግ ብቻ ከተሻሻለ ግን አንድ ነገር ዘንበል ብሏል፤ ያ በፍላተነር አይድንም። የትም ቢያደርሱት ጥጉ የማይጠራ ከሆነም ነገሩ ሌላ ነው።

«ለሁሉም ይሆናል» ስለሚባለው እውነቱን ልናገር፤ ሙሉ በሙሉ ለሁሉም የሚሆን ፍላተነር የለም። የሳህኑ ጉብጠት በትኩረት ርቀቱ ስለሚወሰን፣ ለ400 ሚሊ ሜትር የተሰላ ፍላተነር በ800 ላይ ከሚገባው በላይ ያቃናል፤ በተቃራኒውም እንዲሁ። ሐቀኛ አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ በፍላተነሩና በሴንሰሩ መካከል ያለውን ርቀት እንደ ትኩረት ርቀቱ የሚቀያይር ሠንጠረዥ አብረው ይሰጣሉ፤ ወይም ራሱ ፍላተነሩ በቀለበት የሚረዝምና የሚያጥር ይሆናል። ሠንጠረዥም ሆነ የሚስተካከል ቀለበት የሌለው «ለሁሉም» ቢገጥመኝ ግን አልገዛውም። የቴሌስኮፕዎ አምራች ለዚያው ሞዴል የሠራው ካለ እርሱን ያስቀድሙ።

የ55 ሚሊ ሜትሩ ነገር ታሪክ አለው። የካኖን ኢኤፍ ካሜራ ከሌንስ መግጠሚያው ገጽ እስከ ሴንሰሩ 44 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካሜራውን ከፍላተነሩ ጋር የሚያያይዘው የቲ ቀለበት ሲጨመርበት 11፤ ድምሩ 55። የኒኮን ኤፍ 46.5 ስለሆነ ቀለበቱ 8.5 ነው፤ እንደገና 55። ርቀቱ የሚለካው ከፍላተነሩ የኋላ ትከሻ፣ ማለትም ቀጣዩ ቀለበት ተጠብቆ ከሚያርፍበት ጠፍጣፋ ገጽ እስከ ሴንሰሩ ነው። ከመስታወቱ አይደለም፤ ወደ ቀለበቱ ውስጥ የሚገባው ጥርስም አይቆጠርም። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ጥርሱንም ቆጥሬ 4 ሚሊ ሜትር ያህል አጉድዬ፣ ሁለት ወር ሙሉ ፍላተነሩን ስወቅሰው ኖሬያለሁ። ካሊፐር ይያዙና እያንዳንዱን ቁራጭ ከትከሻ እስከ ትከሻ ይለኩ፤ በላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይመኑ።

ፊልተር ካለዎትም ይቁጠሩት። ብርሃን በመስታወት ሲያልፍ ትኩረቱ በመስታወቱ ውፍረት አንድ ሦስተኛ ያህል ወደ ኋላ ስለሚገፋ፣ 2 ሚሊ ሜትር ፊልተር ካለ የሚያስፈልግዎት 55 ሳይሆን 55.7 ነው። ብዙ ሰው በዚህ ቦታ መጨመር ሲገባው ይቀንሳል።

ደመና አልባ

አሮጌ ሌንስ የጻፉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ጠያቂያችን ግን ሰፋፊ ዒላማዎችን እንደሚያነሡ ስለነገሩን በ0.8ቱ ሪዲውሰር ላይ ጥቂት ልጨምር።

በ480 ሚሊ ሜትር፣ በኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር የሚያዩት የሰማይ ስፋት ወደ 2.8 በ1.9 ዲግሪ ነው። አንድሮሜዳ ጋላክሲ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ3 ዲግሪ ስለሚበልጥ በረጅሙ ጎን እንኳ ቢያስተኙት ክንፎቹ ይቆረጣሉ። በ0.8 ሲያባዙት የትኩረት ርቀቱ 384 ይሆንና ስፋቱ ወደ 3.5 በ2.3 ዲግሪ ያድጋል፤ ጋላክሲው በዙሪያው ትንሽ ጨለማ ሰማይ ይዞ ይገባል። ፍጥነቱም ከኤፍ/6 ወደ ኤፍ/4.8 ስለሚወርድ እያንዳንዱ ፒክስል በአንድ ጊዜ የሚቀበለው ብርሃን ወደ 1.56 እጥፍ ያድጋል። እዚህ ላይ አንድ አለመግባባት እንዳይፈጠር እፈልጋለሁ፤ የሌንሱ ስፋት ያው 80 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከጋላክሲው የሚሰበሰበው ብርሃን አልጨመረም፤ ያው ብርሃን በጥቂት ፒክስሎች ላይ ስለተጠጋጋ ነው ምስሉ ቶሎ የሚደምቀው። ዋጋውም አንድ ፒክስል የሚሸፍነው ከ1.6 ወደ 2 አርክ ሰከንድ (አርክ ሰከንድ የዲግሪ 1/3600 ነው) መስፋቱ ነው። ለኔቡላ ይህ ምንም አይደለም። እንደ ኤም51 ላለች ርዝመቷ 11 አርክ ደቂቃ (አርክ ደቂቃ የዲግሪ 1/60 ነው) ያህል ብቻ ለሆነች ጋላክሲ ግን እኔ ሪዲውሰሩን አውጥቼ የማያሳንሰውን ፍላተነር እገጥማለሁ።

ይሁን እንጂ ሪዲውሰር ጥብቅ ጌታ ነው። በኤፍ/4.8 የሚፈቀደው የትኩረት መንሸራተት ከ0.1 ወደ 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚጠብ፣ በኤፍ/6 ሳይታይ ያለፈ የካሜራ መጋደል እዚህ ፊት ለፊት ይወጣል። የርቀት ስሕተትም እንዲሁ ነው፤ በእኔ ልምድ የማያሳንሰው ፍላተነር አንድ ሚሊ ሜትር ሲሳሳቱበት ይቅር ይላል፣ ሪዲውሰሩ ግን በግማሽ ሚሊ ሜትር ያኮርፋል።

ከመግዛትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይመልከቱ። ሪዲውሰር ትኩረቱን ወደ ቴሌስኮፑ ይስበዋል። ከሴንሰሩ 55 ሚሊ ሜትር ላይ የተቀመጠ የ0.8 ሪዲውሰር፣ በቀጭን ሌንስ ሒሳብ፣ ያለ እርሱ 69 ሚሊ ሜትር ያህል ይሄድ የነበረውን ብርሃን በ55 ያሳርፈዋልና ፎከሰሩ ከለመደው ቦታ ወደ 14 ሚሊ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ፎከሰርዎ አሁን ትኩረት ላይ ሲሆን ምን ያህል እንደቀረው በላዩ ካለው መለኪያ ያንብቡ። አምስት ብቻ ቀርቶት ከሆነ ሪዲውሰሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አይጠራልዎትም።

ማያያዣውም ቢሆን ኤም48 (ጥርሱ 48 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው) ቢሆን ይመረጣል። የኤም42 ቀለበት ለኤፒኤስ-ሲ ቢበቃም በኋላ ወደ ፉል ፍሬም ቢሸጋገሩ ጥጎቹን ማጥቆሩ አይቀርም።

ሰነፍ ተመልካች

የሁለቱን ወዳጆች ሐሳብ ባከብርም የተለየ መንገድ ላቅርብ። ፍላተነር ከመግዛት ይልቅ ትኩረቱን ከመካከልና ከጥግ እኩሌታ ላይ አድርጎ ስሕተቱን ለሁለቱም ማካፈል፣ ከዚያም ጠርዙን መቁረጥ ይቻላል። ለአንድ ዓመት ያህል እንዲህ አድርጌ አንሥቻለሁ፤ ለኮከብ ክምችቶችና ለትንንሽ ጋላክሲዎች አላማረርሁም። አሁን ደግሞ የኮከብን ቅርጽ የሚያርሙ ፕሮግራሞች መጥተዋል።

አሮጌ ሌንስ

መቁረጡን አልቃወምም፤ ዒላማው ትንሽ ከሆነ እንዲያውም ብልህነት ነው። ነገር ግን ጠያቂያችን ትልቅ ሴንሰር የገዙት ሰፊ ሰማይ ለማንሣት ነውና ግማሹን መልሰው መጣል አለባቸው ማለት ይከብደኛል። ስለ ፕሮግራሞቹም፣ ጥቂት ፒክስል የረዘመን ኮከብ መልሰው ክብ ያደርጉታል፤ ብርሃኑ በ25 ፒክስል ላይ የተበተነበትና ከጀርባው ድምፅ (ከምስሉ ብጥብጥ) ጋር የተደባለቀበት ደካማ ኮከብ ግን መጀመሪያውኑ አልተመዘገበም። ያልተመዘገበን ነገር ማረም አይቻልም።

ሌሊት ጠባቂ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተነገረኝን አድርጌ ውጤቱን ይዤ ተመልሻለሁ።

በመጀመሪያ ፈተናውን ሠራሁ፤ ፎከሰሩን ከግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ በለጥ አድርጌ ሳስገባው አራቱም ጥጎች ተሻሻሉ፣ መካከሉም ደበዘዘ። በወረቀት የተሰላው ቁጥር በፎከሰሩ መለኪያ ላይ ሲመጣ ማየት ደስ ይላል። ቀጥሎ ፎከሰሩ ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረው አነበብሁ፤ 31 ሚሊ ሜትር ነበረው። ስለዚህ የቴሌስኮፑ አምራች ለዚሁ ሞዴል የሠራውን የ0.8 ሪዲውሰር ገዛሁ።

ቀለበቶቹን ስደምር ካሜራው 17.5፣ የፊልተር መሳቢያው 20፣ አብሮ የመጣው ማራዘሚያ 16.5 ሆኖ ድምሩ 54 መጣ። ፊልተሬ 2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የሚያስፈልገኝ 55.7 ነውና 1.7 ጎደለኝ። የ1.5 ሚሊ ሜትር ቀለበትና ሁለት የ0.1 ሚሊ ሜትር ቀጫጭን የፕላስቲክ ቀለበቶች ጨምሬ ሞላሁት። እነዚያ ፕላስቲኮች ከወረቀት ስለማይወፍሩ አንዱ ጥርሱ ውስጥ ገብቶ ታጥፎብኝ ነበር፤ ደግነቱ አፍታቼ ሳየው አገኘሁት።

አሁን ሦስቱ ጥጎች እጅግ ደስ የሚያሰኙ ናቸው፤ ኮከቦቹ እስከ መጨረሻው ክብ ናቸው። በታች በስተ ቀኝ ያለው ጥግ ብቻ ግን አሁንም ኮከቦቹን በትንሹ ያረዝማቸዋል። ተጨማሪ ቀለበት ልጨምር ወይስ ልቀንስ?

አሮጌ ሌንስ

አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። ርቀቱ ቢሳሳት ኖሮ አራቱም ጥጎች በአንድ ላይ ይታመሙ ነበር። ለወደፊቱ እንዲሆንዎት ያህል፣ አራቱም ጥጎች ላይ ኮከቦቹ ከመካከል ወደ ውጭ እንደ ጨረር ከረዘሙ ሴንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ለፍላተነሩ ቀርቧልና ይጨመራል፤ መካከሉን የሚዞሩ ይመስል ወደ ጎን ከረዘሙ ርቋልና ይቀነሳል። ይህ ለአብዛኞቹ ቢሠራም ተገላቢጦሽ የሆኑ ንድፎች አይጠፉምና፣ በአንድ አቅጣጫ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሞክሮ መሻሻሉን ማየት ከየትኛውም ሥዕል የተሻለ ዳኛ ነው።

አንድ ጥግ ብቻ ሲታመም ግን መጋደል ነው፤ የሚቀረው የቱ ክፍል እንደተጋደለ መለየት ነው። ካሜራውን ከነቀለበቶቹ በፍላተነሩ ላይ 90 ዲግሪ ያዙሩትና ያንኑ የሰማይ ክፍል እንደገና ያንሡ። የታመመው ጥግ በፎቶው ላይ ያው በታች በስተ ቀኝ ያለው ከሆነ ጥፋቱ አብሮ ዞሯልና ከካሜራው ወይም ከቀለበቶቹ ነው፤ ያን የታጠፈ ፕላስቲክ እንደገና ይመርምሩት። ጥግ ከቀየረ ግን ጥፋቱ ሳይዞር ቀርቷልና ከፎከሰሩ ወይም ከቴሌስኮፑ ነው። የሚያቀዘቅዝ ካሜራ ከነመሳቢያው ቀላል ሸክም ስላልሆነ የፎከሰሩን ተንሸራታች ቱቦ ወደ ታች ይስበዋል።

ሌሊት ጠባቂ (ጠያቂ)

አዞርሁት፤ ጥግ ቀየረ። ቴሌስኮፑን ወደ ራስጌዬ ቀጥ አድርጌ ሳነሣ ደግሞ ጉድለቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ ወደ አድማስ ሳወርደው ተመለሰ። ካሜራውን በጣቴ ወደ ላይ ሳነሣው ቱቦው በጥቂቱ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። የፎከሰሩን የመወጠሪያ ብሎኖች እያንዳንዳቸውን ሩብ ዙር አጥብቄ፣ ትኩረቱን ካገኘሁ በኋላም መቆለፊያውን ማሰር ጀምሬያለሁ፤ ትናንት ያነሣኋቸው ፎቶዎች አራቱም ጥጎቻቸው አንድ ሆነው ወጥተዋል።

ደመና አልባ

መቆለፊያውን ሲያስሩ ትኩረቱ በትንሹ መንሸራተት ስለሚችል ካሰሩ በኋላ አንድ አጭር ፎቶ አንሥተው ያረጋግጡ። በኤፍ/4.8 ያቺ ትንሽ መንሸራተት ትታያለች።